ወፍራም ልጅ ያለበት ቤት ከየት ይጀምር? ለጎጃም ወላጆች የአሠራር መመሪያ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ከተማ ውስጥ ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ለእናንተ ነው የጻፍኩት። የልጃችሁ ክብደት ከዕድሜው አልመጣጠን ብሏል። ጎረቤት «ደልቶታል፣ ተመስገን ነው!» ይላል። እናንተ ግን ደረጃ ሲወጣ ሲያለከልክ አይታችኋል። በመስከረም የተገዛው ዩኒፎርም ለጥር አልዘጋ ብሏል።

የጎረቤት አባባል ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶ ያህሉ ቀንጭረው ነበር። በአገር ደረጃ ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው ግን 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ዓይናችን የሚፈራው ክሳትን ነው። ጤና ኬላ ላይ ክንድ የሚለካበት ሜትርም የከሳውን ልጅ ለመለየት የተሠራ ነው። የወፈረው ልጅ ማንም ሳያየው ያልፋል። የገጠር ልጅ ከብት ሲያግድና ውሃ ሲቀዳ ይውላል። የከተማው ልጅ ግን በባጃጅ ይሄዳል፣ በባጃጅ ይመለሳል፣ ከዚያም ስልክ ይዞ ይቀመጣል።

ሕክምናው ሲባል ብዙ ሰው ክኒን ወይም ጥብቅ አመጋገብ ይመስለዋል። ለልጅ የመጀመሪያው ሕክምና ግን የቤቱን አኗኗር መቀየር ነው፤ ምግብ፣ እንቅስቃሴ፣ እንቅልፍና ልማድ አንድ ላይ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊዮናርድ ኤፕስታይን ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራቸው ጥናቶች ለዚህ መሠረት ሆነዋል። ልጆቹን ከ10 ዓመት በኋላ ሲያያቸው፣ ወላጅ አብሮ የተቀየረባቸው ልጆች የተሻለ ውጤት ላይ ነበሩ። እኔም ከዚህ በታች የምለው ሁሉ እዚህ ላይ የቆመ ነው፦ ልጁን ብቻ ነጥላችሁ አታክሙት።

ደረጃ 1፦ እውነት ውፍረት መሆኑን አረጋግጡ

መጀመሪያ እብጠት አለመሆኑን እዩ። በአውራ ጣታችሁ የልጁን ቅልጥም ፊት ለፊት ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጉና ልቀቁ። ጉድጓዱ ሳይሞላ ከቆየ ውፍረት አይደለም፤ ውሃ ነው። ኩላሊት ወይም ከባድ የምግብ እጥረት ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጠዋት ዓይኑ ሥር የሚያብጥ ልጅም እንደዚሁ።

ቀጥሎ ለኩ። ልጁ ጫማውን አውልቆ ጀርባውን ለግድግዳ ይስጥ። ተረከዙ፣ መቀመጫውና ጭንቅላቱ ግድግዳውን ይንኩ። ሴት ልጅ ከሆነች ከፍ ብሎ የታሰረ ሹሩባዋን ፍቱላት። አናቱ ላይ ደብተር በአግድም አድርጉና ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከወለሉ እስከ ምልክቱ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። ክብደቱን ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያ፣ ሁልጊዜ በዚያው አንድ ሚዛን ላይ መዝኑት።

ስሌቱ ቀላል ነው። ኪሎውን በሜትር በተለካው ቁመት አካፍሉ። የመጣውን ቁጥር ደግሞ እንደገና በቁመቱ አካፍሉ። ለምሳሌ የ10 ዓመት ልጅ ቁመቷ 1.40 ሜትር፣ ክብደቷ 45 ኪሎ ነው እንበል። 45ን ለ1.40 ስናካፍል 32.1 ይመጣል። እሱን እንደገና ለ1.40 ስናካፍል 23 ገደማ ይሆናል።

ይህን ቁጥር (ባለሙያዎች ቢ.ኤም.አይ. ይሉታል) ለአዋቂ በሚሠራበት መንገድ አትተርጉሙት። ለአዋቂ 23 ጤነኛ ነው። ለልጅ ግን እንደ ዕድሜና ጾታ ይለያያል። በዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ ለ10 ዓመት ሴት ልጅ ከ19 በላይ ከልክ ያለፈ ክብደት ነው፤ ከ22.6 በላይ ደግሞ ውፍረት ይባላል። ለ10 ዓመት ወንድ ልጅ ቁጥሮቹ 18.5 እና 21.4 ናቸው። ሰንጠረዡን ጤና ጣቢያ ባለሙያውን ጠይቁ፤ ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት የሚሠራውን በሉት።

አሁን ደግሞ የሚያጽናናውን እዩ። ያቺው ልጅ አንድ ኪሎ እንኳ ሳትቀንስ 45 ላይ ብትቆይና ወደ 12 ዓመት ስትጠጋ ቁመቷ 1.50 ቢደርስ ቁጥሯ 20 ይሆናል። ለዚያ ዕድሜ 20 ጤናማ ነው። ቁመቷ ሠራላት ማለት ነው። ለዚህ ነው ለአብዛኛው በማደግ ላይ ያለ ልጅ ግቡ ኪሎ መቀነስ የማይሆነው። ኪሎው ባለበት ይቁም ወይም ቀስ ብሎ ይጨምር፣ ቁመቱ ይድረስበት። ልጅን ማስራብ ቁመቱንም ይጎዳል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከሆነ ስለ ምግብ መጠን ባለሙያ ሳታማክሩ ምንም አትቀንሱ።

ከዚህ በታች ካሉት አንዱን ካያችሁ መመሪያውን ትታችሁ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ልጁ እየወፈረ ቁመቱ ከቆመ። አንገቱ ዙሪያ ወይም ብብቱ ከጠቆረና ከወፈረ፤ ይህ እድፍ አይደለም፣ በሳሙና አትፈትጉት፣ ብዙ ጊዜ የኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን) ችግር ምልክት ነው። ተኝቶ እያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም የሚል ከሆነ። ዳሌው ወይም ጉልበቱ አሞት ካነከሰ። ውሃ እያበዛ ሌሊት ሽንት የሚመላለስ ከሆነ። የምግብ ፍላጎት ይከፍታል ተብሎ የተገዛ ሽሮፕ ወይም ለአስምና ለቆዳ የተሰጠ ስቴሮይድ የሚወስድ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩት፤ የታዘዘውን ግን ሳትጠይቁ በድንገት አታቋርጡ።

ደረጃ 2፦ ቤቱን አሳምኑ

ይህ ደረጃ ካልተሳካ ቀጣዩ ሁሉ ከንቱ ነው። ብዙ ቤት የሚወድቀው እዚህ ነው።

እናት ወሰነች እንበል። አባት ማታ ሲገባ ለስላሳና ብስኩት ይዞ ይመጣል፤ ፍቅሩን የሚገልጸው በዚያ ነው። ታላቅ እህት ሱቅ ስትላክ መልሱን በከረሜላ ትወስዳለች። አያት ደግሞ ትሪው ዙሪያ ተቀምጠው «የኔ ልጅ ምን በላ? ና እስቲ!» እያሉ ትልቁን ጉርሻ ይጠቀልሉለታል። እሳቸው ረሃብን ያዩ ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ጉንጭ ሞልቶ ማየት ለእሳቸው የድካማቸው ዋጋ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው አያትን አይቆጣም።

እንዲህ በሏቸው፦ «እማማ፣ ያለ እርስዎ አይሆንልንም። ልጁ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ እየቆረጠ ነው። ጉርሻው አይቅር፣ ከእርስዎ እጅ መብላት ይወዳል። እባክዎ ከጎመኑና ከምስሩ ያጉርሱት፤ ሁለት ሲሆን ይብቃው ይበሉት።» ሥራ ስጧቸው። አብረውት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በእግር ይሂዱ። ከመንገዱም ከጨዋታውም ሁለቱም ያተርፋሉ።

ከዚያ ሁሉም የቤቱ ሰው የሚስማማበት አንድ ሕግ አውጡ፦ ለልጁ የተከለከለ ለማንም ቤት ውስጥ አይገባም። ወንድሙ ቀጭን ስለሆነ ብስኩት ይበላል፣ እሱ ግን ያያል የሚባል ነገር አይሠራም። ይህ ቅጣት ነው። ቀጭኑም ልጅ ቢሆን ለስላሳ መጠጥ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ስም ማውጣቱም ይቁም። «ድምቡሼ» ለትልቅ ሰው ቁልምጫ ይመስላል። 11 ዓመት የሞላው ልጅ ግን ክፍል ውስጥ ሲጠራበት ይሰማዋል። የሚሰደብ ልጅ ተደብቆ ነው የሚበላው።

ደረጃ 3፦ ከመጠጥ ጀምሩ

አንድ ነገር ብቻ መቀየር ከቻላችሁ ይህን ቀይሩ። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከቀን ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል፤ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች። ለ10 ዓመት ልጅ 10 በመቶው 40 ግራም ቢሆን ነው። አንድ ለስላሳና አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ ከጠጣ ቀኑን ጨረሰው።

ሻዩን በአንድ ጊዜ መራራ አታድርጉበት። ሦስት ማንኪያ የለመደ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ተኩል፣ በሁለተኛው ሁለት እያለ ወደ አንድ ይውረድ። ምላስ ይለምዳል። ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምሩበት። በሶ ብጥብጥ ላይም ስኳሩን በዚሁ መንገድ ቀንሱ።

ባሕር ዳር ጁስ ቤት ስትገቡ «ያለ ስኳር» በሉ፤ ሳትሉ በፊት ስኳሩ ይገባል። ከሁሉም የሚሻለው ማንጎውን እንዳለ መብላት ነው። አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ ውስጥ ልጁ በአንድ መቀመጫ ሊበላው የማይችለው ፍሬ ተፈጭቶ ይገባል። ትምህርት ቤት ሲሄድ ውሃ በላስቲክ ያዙለት። የመክሰስ ብር ከመስጠት መክሰሱን በምሳ ዕቃ መስጠት ይሻላል፦ ትንሽ ቆሎ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ካሮት።

ደረጃ 4፦ ድስቱና ትሪው

የኛ ምግብ መጥፎ አይደለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ፣ ከጣና የወጣ ዓሣ፤ ብዙ አገር ያሉ ሐኪሞች ለታካሚዎቻቸው የሚመኙት ዓይነት ነው። ችግሩ ዘይቱና መጠኑ ላይ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። እኛ ደግሞ ዘይት የምናፈሰው ከጀሪካን በዓይን ግምት ነው።

ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላሉት። ድስቱን ጥዳችሁ የተከተፈውን ሽንኩርት ያለ ዘይት ጨምሩ፤ እሳቱን ቀንሱ፣ ደጋግማችሁ አማስሉ። መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ አድርጉበት። ቀለሙ እስኪለወጥ ታገሱ። በርበሬውን በትንሽ ውሃ አብስሉት። ዘይቱ መጨረሻ ላይ ይግባ፣ በሾርባ ማንኪያ ተለክቶ። ለቤተሰብ ድስት ሦስት ማንኪያ ይበቃል። ጊዜ ይወስዳል፤ ወጡ ግን ጣዕሙ አይጓደልም። ቅቤም በዚሁ ማንኪያ ይለካ።

ለልጁ ምግቡን እንደ መንገድ መብራት ለዩለት፤ ኤፕስታይን የተጠቀመበት ዘዴ ነው። አረንጓዴ፣ እንደልብ የሚበላ፦ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ዱባ። ቢጫ፣ በየቀኑ ግን በልክ፦ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ጮማ የሌለው ሥጋ፣ ፍራፍሬ፣ ቆሎ። ቀይ፣ በሳምንት ተቆጥሮ የሚበላ፦ ለስላሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳ፣ ድንች ጥብስ፣ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ኬክ። ልጁ ራሱ በቀለም እርሳስ ይሥራው። ቀዩን ከነጭራሹ አትከልክሉ። በሳምንት ስንቴ እንደሚበላ አብራችሁ ወስኑ፣ ቀኑንም እሱ ይምረጥ።

ከአንድ ትሪ መብላታችሁን አትተዉ። በልጁ በኩል ግን አትክልቱን አብዙ። እንጀራው አንድ ይቅረብለት። ሲጨርስ ጭማሪ ከፈለገ ሩብ ሰዓት ያህል ጨዋታ ይዛችሁ ቆዩ፤ ከዚያም ከራበው ይጨመርለት። «ጨርስ፣ ትሪ ላይ አይተርፍም» አትበሉት። ቴሌቪዥኑ በምግብ ሰዓት ይዘጋ። ቁርስ አይዝለል፤ ቂንጬ፣ እንቁላል በዳቦ ወይም ቅቤው የቀነሰ ገንፎ ይሆናል።

ጾሙንስ?

ጎጃም ውስጥ ይህን ሳይነኩ ስለ ምግብ ማውራት አይቻልም። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ 55 ቀን ዐቢይ ጾም አለ። አንዳንድ ወላጅ «ጾሙ ያከሳዋል» ብሎ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ አያከሳውም። ልጁ ከሰዓት ድረስ ሳይበላ ይቆይና በዘይት የራሰ ፓስታ፣ ድንች ጥብስ፣ ማርማላታ የተቀባ ዳቦና ለስላሳ በአንድ ጊዜ ያገኛል። ሁሉም የጾም ነው፤ ሁሉም ያወፍራል።

ጾምን ለእግዚአብሔር ጹሙ፤ ለኪሎ አታድርጉት። ልጁ ስንት ሰዓት ይቆይ የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ሐኪሙንም ጠይቁ። የሚፈሰክበት ሰዓት ሲደርስ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ጎመንና ምስር ያለበት እንጀራ ይቅረብለት። ሱፍና ተልባ ጥሩ ናቸው፣ ቅባት እንዳላቸው ግን አትርሱ። ረመዳን የሚጾሙ ቤተሰቦችም ማፍጠሪያ ላይ ሳምቡሳውን አሳንሰው ከሾርባና ከቴምር ቢጀምሩ ያው ሐሳብ ይሠራላቸዋል። ለፋሲካና ለሰርግ ቀን ልጁን ከሰው አትለዩት። ይብላ። በማግስቱ ግን ወደ ልማዱ ይመለስ፤ የፋሲካ ምግብ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አይዘርጋ።

ደረጃ 5፦ በቀን 60 ደቂቃ

ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን የሚያስመታ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየተንቀሳቀሰ ማውራት ይችላል፣ መዝፈን ግን ያቅተዋል። 60ው በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም። ትምህርት ቤት በእግር ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት፣ ከሰዓት ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ከባጃጁ ቀድማችሁ ውረዱና ቀሪውን አብራችሁ በእግር ሂዱ።

ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ ብስክሌት ለዚህ ከተማ የተሠራ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር መንዳት ወይም መራመድ ይቻላል። ደብረ ማርቆስ ዳገት አለው፤ ዳገቱን መውጣት ራሱ ስፖርት ነው። ወፍራም ልጅን ግን ሩጫ ውድድር ውስጥ አታስገቡት። መጨረሻ ይወጣል፣ ይሳቅበታል፣ ሁለተኛ አይመጣም። ብስክሌት፣ መራመድ፣ ጭፈራ፣ ሰኞ ማክሰኞና ድብብቆሽ ይሻሉታል።

ካለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግር የተነሳ ብዙ ቤት ልጁን ደጅ ማውጣት ፈርቷል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፣ «ውጣና ተጫወት» ብሎ መምከር አይገባም። በእንዲህ ያለ ቀን ግቢ ውስጥ ገመድ ይዝለል። ዘፈን ከፍታችሁ እስክስታ ውረዱ፤ ትከሻው፣ ደረቱ፣ ጉልበቱ፣ ሁሉም ይሠራል። ሁለት ዘፈን ያለማቋረጥ የጨፈረ ልጅ ላቡ ጠብ ይላል። ግቢ መጥረግ፣ ውሃ መቅዳት፣ ልብስ ማጠብም ይቆጠራል፣ ወንዱም ሴቷም ይሥሩ።

ደረጃ 6፦ ስልክና እንቅልፍ

ለትምህርት ካልሆነ ስልክና ቴሌቪዥን በቀን ከሁለት ሰዓት አይለፉ። ቲክቶክ እያየ የሚበላ ልጅ መጥገቡን አያውቅም። ስልኩ ማታ እናትና አባት ክፍል ይደር፤ የእናት የአባትም ስልክ አብሮ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። እንቅልፍ ያጣ ልጅ በማግስቱ ጣፋጭ ይፈልጋል።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱንና የእሑድ ስብሰባውን ያዙ

በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ መመሪያ፣ ውጤት የሚያመጡ ፕሮግራሞች ከ3 እስከ 12 ወር ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት ከልጁና ከቤተሰቡ ጋር ፊት ለፊት የሚሠሩ ናቸው ይላል። አንድ ቀን ምክር ሰምቶ መመለስ አይበቃም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም አቅራቢያችሁ ካላገኛችሁ ሰዓቱን ራሳችሁ ሥሩት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡናው ሲፈላ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ግድግዳ ላይ ሰባት ቀን የተሰመረበት ወረቀት ለጥፉ። ሁለት ግብ ብቻ ጻፉ፤ ለምሳሌ «ለስላሳ የለም» እና «60 ደቂቃ»። ልጁ በየማታው ራሱ ምልክት ያድርግ። ከሰባት አምስት ካገኘ ሳምንቱ ተሳክቷል። አባትም የራሱ መስመር ይኑረው፤ ልጁ ያንን መስመር ሲያይ ነው የሚያምነው። ሽልማቱ ምግብ አይሁን። ኳስ፣ የመዝለያ ገመድ፣ ጣና ላይ ጀልባ፣ ከአባት ጋር ብቻ የሚዋልበት ግማሽ ቀን ይሁን። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ግቡ ልማድ ሲሆን አዲስ ጨምሩ። ሚዛን በወር አንዴ ይበቃል፣ ሌላ ሰው በሌለበት።

ለአፍላዎቹ

ከ13 ዓመት በላይ ያለ ልጅ ላይ ይህን ሁሉ ልጫን ብትሉ አይሆንም። ጠይቁት፦ «አንተን የሚያስቸግርህ የቱ ነው?» ምናልባት ኪሎው ላይሆን ይችላል፤ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ልብስ መቀየሩ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ይጀመር። ግቡን እሱ ያውጣ፣ እናንተ ቤቱን አመቻቹለት። ሴት ልጃችሁ ምግብ መዝለል ከጀመረች፣ በልታ ወዲያው ሽንት ቤት የምትገባ ከሆነ ወይም የማቅጠኛ ሻይና ክኒን ደብቃ ከተገኘች አትቆጧት፤ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ይህ ከውፍረቱ የባሰ አደጋ ነው።

ደረጃ 8፦ ቀጠሮ

በመጀመሪያው ወር ሚዛን ላይ ምንም ላታዩ ትችላላችሁ። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹን፣ እንቅልፉን፣ ወገቡን እዩ፤ ቀድመው የሚሻሻሉት እነሱ ናቸው። በየሦስት ወሩ ቁመቱንና ክብደቱን ለክታችሁ ቁጥሩን እንደገና አስሉ። በስድስት ወር ውስጥ ቁጥሩ ሽቅብ መሄዱን ካላቆመ፣ ወይም ገና ሲጀመር ከውፍረት መስመር በላይ ከነበረ፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ የሕፃናት ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ፣ ለምሥራቅ ጎጃም ደግሞ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አለ። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የኮሌስትሮልና የጉበት ምርመራ እንዲታይለት ጠይቁ። ስትሄዱ የግድግዳውን ወረቀቶች፣ የለካችኋቸውን ቁጥሮች ከነቀናቸው፣ ልጁ የሚወስደውን መድኃኒት ከነካርቶኑ ያዙ። በቤተሰቡ ውስጥ የስኳር ወይም የደም ግፊት በሽታ ያለበት ሰው ካለ እሱንም ጽፋችሁ ሂዱ።